እቴቴ በመስኮት ስታወራ

አክስቴን ሰይጣን ታመልካለች ብዬ የከሰስኳት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አልዋሸሁም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

እናቴ በሞተች በሁለተኛው ወር አባቴ ልብሴን በዱቄት ከረጢት ጠቅልሎ በባቡር ወደ እናቴ ታላቅ እህት ወሰደኝ። እሱ መንገድ ሠሪ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ የሚያድረው በድንኳን ነው፤ ልጅ ይዞ መዞር አይችልም። አክስቴ የምትኖረው በጨርቅ ፋብሪካው አጥር ሥር፣ ፊት ለፊት ተፋጠው ከቆሙት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ፎቅ ላይ ነበር። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን አያሳልፍም። "እቴቴ በይኝ" አለችኝ ገና በሩ ላይ። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሁሉንም ነገር የምትናገረው ጮክ ብላ ነበር። የተቆጣችኝ መስሎኝ አለቀስኩ።

እቴቴ ሃያ ሁለት ዓመት በሽመና መኪና አጠገብ ቆማ ጆሮዋ ደክሟል። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለእንግዳ የሚነግር የለም። እኔ የማውቀው ከኋላዋ ስጠራት እንደማትዞር፣ ፊቷ ስቆም ግን ድምፄ ሳይወጣ የምፈልገውን እንደምታውቅ ብቻ ነው። ውሃ ጠምቶኝ፣ ለመጠየቅ አፍሬ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ብርጭቆው እጄ ላይ ይገኛል። ትልቅ ሰው ቢሆን ደግነት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከረጢቴ ላይ ተቀምጬ፣ ያልተናገርኩትን ማን ነገራት እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው መስኮቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ፈረቃዋ ያበቃል። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተነሰነሰ ትመጣለች፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ድንች ትጥዳለች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። የመስኮቱ ደፍ ከራሴ በላይ ነበር። ከምቀመጥበት ሆኜ የሚታየኝ የእቴቴ ፊት ከጎኑ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የማዶው ቤት ጣሪያና ሰማይ ነው። መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍትና ከንፈሯ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ድምፅ የለም። ሹክሹክታም አይደለም፤ ሹክሹክታ ቢያንስ ይሰማል። አፏ ትልቅ ነገር እንደሚያላምጥ ይከፈታል፣ ይሞጠሞጣል፣ ምላሷ ብቅ ይላል፣ ቅንድቧ ይነሳል ይወድቃል። ትንሽ ታቆማለች። ራሷን ትነቀንቃለች። አንዳንድ ቀን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ ሳቁም ድምፅ የለውም። ከዚያ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኛለች፣ ፊቷን ወደ ውጭ ትመልስና አፏ እንደገና ይንቀሳቀሳል።

ለአንድ ሰው ወይም ለሰው ላልሆነ ነገር ስለ እኔ እየተነገረ እንደሆነ ገባኝ። ይህን እንኳ አልተሳሳትኩም።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ልጆች መውደቅ ጀመሩ። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ልጅ ወደቀች። ከኋላ ወንበር፣ ከምድጃው አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። ራሴን አመመኝ አለች፣ ከዚያ ጥቁር ነገር ከፊቴ መጣ አለች፣ ከዚያ በአፍጢሟ ተደፋች። በማግስቱ ሁለት፣ በሳምንቱ አምስት ሆኑ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ትልልቆቹ ሴቶች "የሰው እጅ አለበት" ይላሉ፤ አንዷ እኔን ታይና "ልጅ አለ" ትላለች፣ ሁሉም ዝም ይላል። የሰው እጅ ሲባል ከግድግዳ ውስጥ ብቻውን የሚወጣ እጅ ነበር የሚታየኝ። አስተማሪያችን ገና የትምህርቷን ወረቀት ይዛ ከሌላ ከተማ የመጣች ወጣት ናት፤ ከእኛ ባልተናነሰ ትፈራ ነበር። መጥፎ መንፈስ እንዳይገባ ብላ የክፍሉን መስኮቶች በምስማር አስመታች። ከዚያ ወዲያ የሚወድቁት በዙ።

ያንን ክፍል ሲያፈርሱት እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ግድግዳው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር። የወደቁት በሙሉ የኋላ ወንበር ልጆች ነበሩ፤ ያኔ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ያየ የለም፤ የሚታየው ማን ከማን ሰፈር እንደመጣ ነው።

ከትልቁ ከተማ መርማሪ የሚሉት ሰው መጣ። ሰይጣን አምላኪ በመልቀም ስም ያወጣ ነው ተባለ። ከዚህ በፊት ባያቸው ከተሞች እንዲህ ያለው ነገር በልጆች ጀምሮ በትልልቆች እንደሚያልቅ ይናገራል። ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ለልጅ ጎንበስ የሚል፣ ጢሙ አፉን የሸፈነው ሰው ነበር፤ ኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአዋላጇና የሰዓት ጠጋኙ ቤቶች ታሸጉ። የሰዓት ጠጋኙ ቤተሰብ ዕቃውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ሲሄድ በር ላይ ቆመን አየን። ማንም አልገፋላቸውም።

መርማሪው ምልክቶቹን ለአስተማሪያችን ነገራት፣ እሷም ለእኛ ነገረችን። ሳይነገረው የሚያውቅ። ከማይታይ ጋር የሚነጋገር። ሰው ሲጠራው የማይሰማ። ጣቶቿን እያጠፈች ስትዘረዝር አብሬ ቆጠርኩ፤ ሦስቱም እቤታችን ናቸው። ወደ ቤት የምንሄድበት ሰዓት ላይ ግቢው መሃል ቀሚሷን ያዝኩ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እቴቴ እያየችኝ እንደምታወራ ስነግራት፣ "ልትሰጠኝ ነው መሰለኝ" አልኩ።

"ለማን?" አለችኝ።

"ለዚያ ለሚያዋራት።"

አስተማሪዬ ቀና ስትል ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ነገሩ ከዚያ ወዲያ የእኔ መሆኑ ቀረ። በማግስቱ መርማሪው ራሱ መጥቶ ከረሜላ ሰጠኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነሽ አለኝ። አፏ እንዴት እንደሚሄድ በደንብ አይተሽ ያዢ፣ በጉባኤው ቀን ታሳዪናለሽ አለኝ። ያ የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ ነበር ማለት ይቻላል። በየቀኑ የምትደጋግማቸውን እንቅስቃሴዎች ለይቼ ያዝኩ። በትምህርት ቤቱ ኮሪደር መስታወት ላይ ፊቴን እያየሁ፣ ምን እንደሆኑ ሳላውቅ፣ እንደ መዝሙር ሸመደድኳቸው።

እቴቴን ሁለት ጊዜ ጠሯት። ሁለተኛው ቀን ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ የሰማሁት ይህን ነው፤ እቴቴ የማዋራው ሸንበቆን ነው ብላለች። ሸንበቆ የምትባለው የማዶው ቤት ሴትዮ ናት። ረጅምና ቀጭን በመሆኗ እውነተኛ ስሟን ራሷም ሳትረሳው አትቀርም ይባላል። አሥራ አምስት ዓመት ከእቴቴ ጎን ባለው መኪና ላይ ሠርታለች። መርማሪው ሸንበቆን አስጠርቶ ጠየቃት። እሷም፣ ከሥራ ውጭ ተነጋግረን አናውቅም አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ መስኮቱን አልከፈተችም። ወደ ውጭ ወጥቼ ሳይ የማዶውም መስኮት መጋረጃው ተጋርዷል። ሰይጣን የተቆጣ መሰለኝ። ሸንበቆ ወገቡ የተሰበረ ባልና አራት ልጆች እንደነበሯት፣ ቀጣዩ ቤት ያንቺ ነው እንደተባለች ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሳውቅም ልፈርድባት አልቻልኩም። እኔ ምንም ሳይሉኝ ነው የተናገርኩት።

ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ተነግሮኛል። ጥፋተኛ ከተባለች ከፋብሪካ ትባረራለች፣ ቤቱ የፋብሪካው ስለሆነ ይታሸጋል፣ እኔ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ እገባለሁ። አስተማሪዬ ይህን የነገረችኝ ልታጽናናኝ ነው፤ እዚያ አልጋው ንጹሕ ነው አለችኝ። በዚያው ጠዋት እቴቴ ፀጉሬን አበጥራኝ፣ ሪባኑን ሁለት ጊዜ ፈታ እንደገና አስራልኝ ነበር። ማሳደጊያው ውስጥ ፀጉር ማን እንደሚያበጥር ልጠይቅ ፈለግሁ፤ አልጠየቅሁም።

ጉባኤው የተደረገው በዕረፍት ቀን፣ በፋብሪካው የምግብ አዳራሽ ነበር። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ። መርማሪው፣ አስተማሪዬ ጸሐፊ ሆና፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተቀምጠዋል። ከአራቱ አንድም በሽመና ክፍል ውስጥ አንዲት ሰዓት የቆመ የለም። ሸማኔዎቹ ሴቶች አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተዋል፤ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ደብቀው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባልበት ጊዜ ስለነበር ማንም ከማንም ጋር አይተያይም። ሸንበቆ መጨረሻው ረድፍ ላይ ጎብጣ ተቀምጣ ነበር፤ ያ ቁመት ግን የት ይደበቃል?

መርማሪው አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ መጠየቅ ጀመረ። እቴቴ አልመለሰችም። ደገመው። "ቀና ብለው ይናገሩ፤ አፍዎ አይታየኝም" አለች፤ በዚያ ጮክ ባለ ድምፅዋ። ነጋዴው "ድፍረቷን እዩ" አለ። ቀና ብሎ ጮክ ሲል ግን ጥያቄው ገባትና፣ መኪናው ሲጮህ ድምፅ ስለማይሰማ ሸማኔዎች በከንፈር እንደሚነጋገሩ፣ እሷም ከጓደኛዋ ጋር እንዲሁ ስታወራ እንደኖረች አስረዳች። ጓደኛዬ ያለችው ማንን እንደሆነ አልደገመችም። ወደ መጨረሻው ረድፍም አላየችም።

"የፋብሪካው ሌላ ነው" አለ መርማሪው። "እቤት ውስጥ መኪና አይጮህም። አዋራኋት የምትያትም ሴት ክዳሻለች። ታዲያ ድምፅ የሌለው ቃል የሚጠቅመው፣ ያለ ጆሮ ለሚሰማ ካልሆነ ለማን ነው?"

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ቅዝቃዜ አሁንም ይሰማኛል። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ይመስል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ሰው ግን ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀቱን ብቻ ነበር የሚያምነው።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ሁሉም እንዲያየኝ ብለው ወንበር ላይ አቆሙኝ፣ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዞሩት። ያየሽውን እንዳለ አሳዪ አለኝ፣ አትፍሪ፣ ድምፅ አያስፈልግም አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። እንደሸመደድኩት፣ ከንፈሬን አውጥቼ፣ ምላሴን አሳይቼ፣ ቅንድቤን እያነሳሁ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ አደረግሁ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሴት፣ ለራሷ እንደምታነብ ሁሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፦

"ዛሬም አልበላችም" አለች።

ድምፁ ከራሷ እንደወጣ ስታውቅ ደንግጣ አፏን ያዘች። እኔ ቃሉ ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ጎበዝ ልጅ ስለነበርኩ የቤት ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ሳደርግ ሦስት አራት ድምፅ አንድ ላይ ወጣ፦ "ያንቺዎቹ ምን ይወዳሉ?"

ሦስተኛው ረጅሙ ነበር፤ እቴቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ካየችኝ በኋላ የምትለው፣ ከሁሉም የምፈራው። ሳደርገው ፊቴ ያለው አዳራሽ በሙሉ አንድ ላይ ተናገረው። አርባ ሴቶች ናቸው። እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ድምፁ ከእነሱ ይወጣል፦

"ስትስቅ እናቷን ትመስላለች። ግን እስካሁን የሳቀችው አንዴ ነው።"

ይህን ሲጨርሱ አንዳንዶቹ ድምፅ ተሰብሮ ነበር። ወንበሩ ላይ ቆሜ ወደ እቴቴ ዞርኩ። መሬት መሬት ታይ ነበር፤ የግል ነገሯ ሰው ፊት እንደተገለጠባት ሁሉ አፍራለች።

ሸንበቆ ተነሳች። ቁመቷ አንዴ ከተነሳ ማለቂያ የለውም። "ድንቹን በወተት ቀቅይላት ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ" አለች። "ዋሽቻለሁ። ልጆቼን ፈርቼ ዋሽቻለሁ። የምታወራው ከእኔ ጋር ነው፤ በየቀኑ፣ ስለዚች ልጅ።"

እውነትም ድንቹ ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ በወተት ነበር።

መርማሪው ይህም የሰይጣን ተንኮል ሊሆን እንደሚችል መናገር ጀምሮ ነበር። የሸማኔዎቹ ኃላፊ፣ ሁሉም "ካቦ" የሚሏት ወፍራም ሴትዮ፣ ከፊት ወንበር ሳትነሳ አቋረጠችው። "ጌታዬ፣ ይሄ የሰይጣን ቋንቋ ከሆነ እኛ ከሰይጣን ጋር ስለ ድንችና ስለ ባሎቻችን ኩርፊያ ስናወራ ሃያ ዓመታችን ነው። እሱም ሰልችቶት ይሆናል" አለች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ በጣቷ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ እያመለከተች፣ ድምፅ ሳታወጣ አንድ ነገር አለች። አርባዎቹ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ምን እንዳለች ዛሬ አውቃለሁ፤ ወረቀት ላይ የሚሰፍር አይደለም። ሰውዬው ግን ፊቱ ቀላ፤ እነዚያ ሁሉ ዓመታት በሽመናው ክፍል ሲያልፍ ሴቶቹ ፈገግ የሚሉት ለምን እንደነበር በዚያች ደቂቃ ሳይገባው አልቀረም።

አስተማሪዬ ብዕሯን አስቀመጠች። ካቦዋ መውጫው ላይ ክንዷን ይዛ፣ "የኔ ልጅ፣ እነዚያን መስኮቶች ክፈቺልን፤ ልጆቹ አየር ይንካቸው" አለቻት። በማግስቱ ምስማሮቹ ተነቀሉ፣ በሳምንቱ የሚወድቅ ልጅ ጠፋ። ሰዉ ሰይጣኑ ከመርማሪው ጋር ሄደ እያለ ይቀልድ ነበር። አዋላጇ ተመለሰች። የሰዓት ጠጋኙ አልተመለሰም፤ ከተማው ላደረገበትም ይቅርታ የጻፈለት የለም።

ከአዳራሹ ስንወጣ እቴቴ እጄን አልያዘችኝም፤ ፊት ፊቴ ትሄዳለች። ለእሷ አንድ ነገር ለመንገር ፊቷ መቆም ያስፈልጋል። ሮጬ ቀደምኳትና ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

"አሁን ነው ያወቅሽው?"

"ለአስተማሪሽ የነገርሻት ዕለት ነው። ልወስድሽ መጥቼ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ነበር።"

ቆምኩ። ከአጥሩ እስከ ግቢው መሃል ያለው ርቀት ለማንም ጆሮ አይደርስም። ለእሷ ዓይን ግን ቅርብ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከከንፈሬ ላይ አንብባዋለች፣ ልትሰጠኝ ነው ማለቴን ጭምር። ከዚያ ዕለት እስከ ጉባኤው ሃያ ሦስት ቀን አለ። ሃያ ሦስት ጠዋት ፀጉሬን አበጥራኛለች። አንድም ቀን እጇ አልከበደኝም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

"ብነግርሽ አስጠንታ አስዋሸቻት ይሉ ነበር። ደግሞ ያየሽውን መናገርሽ አጥፊ አያሰኝሽም። መስኮቱን ለብቻዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቁመትሽ እንደማይደርስ መች አሰብኩ?"

እቤት እንደገባን የከሰል ሣጥኑን ባዶ አደረገች፣ ገለበጠችው፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ስቆምበት መስኮቱን ከፈተችው። ከሰማይና ከጣሪያ በታች ምን እንዳለ ያየሁት ያን ቀን ነው። መንገዱ እንደ እጅ ስፋት ጠባብ ነው። ማዶ ገመድ ላይ የተሰጡ ስምንት ትንንሽ ካልሲዎች አሉ። ከኋላቸው ሸንበቆ መጋረጃውን በአንድ እጇ እንደያዘች ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ አፏን አትከፍትም። እቴቴም አትከፍትም። ሁለቱ ሴቶች እንደ ድሮው ለመሳቅ ክረምቱ ማለፍ ነበረበት፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም ከመስኮቱ አልሄዱም።

እቴቴ ትከሻዬን ነካችኝ። "አንቺ ጀምሪ" አለች።

"ምን ልበላት?"

"የፈለግሽውን።"

አፌን በሰፊው ከፈትኩ። ያለ ድምፅ፣ ቀስ አድርጌ፣ ልጆችሽ መጥተው ይጫወቱ ወይ አልኳት። ትርጉሙን እያወቅሁ የተናገርኩት የመጀመሪያው ይህ ነው። ሸንበቆ አነበበችው። ከዚያ ከእኔ በላይ ወዳለው ፊት ቀና አለች፤ ፈቃድ የምትጠይቀው እዚያ ነበር።

ቀና ብዬ እቴቴን አየሁ። ከንፈሯ አንዴ ገጠመ፣ ተከፈተ፣ አጭር ቃል ነበር፣ እኔም አነበብኩት።

ይምጡ።

ማዶ መጋረጃው ወደቀ፤ ወዲያው የአራት ልጆች እግር ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ።